ስቅታዬ መልስ አይደለም

የሚያስነጥሰው ሰው «ይማርህ» የሚለው አያጣም። የሚያስለው ሰው ዝንጅብልና ማር የሚያዝለት ጎረቤት ሞልቶለታል። ስቅታ የያዘው ሰው ግን በዚህች ምድር ላይ ወገን የለውም። ወይ ይሳቅበታል፣ ወይ ውኃ በግድ ይጋታል። እኔ ደግሞ ከዚህ የባሰ ደርሶብኛል። በስቅታ የተነሳ ልከሰስ ነበር።

የሆነው በስድስተኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ቀን ነው። እኔም ተፈታኝ አልነበርኩም፤ ያንንስ ማን ባደለኝ! ፈታኝ ነበርኩ።

ፈታኝ ሆኖ ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። በዚያ ቀን መምህር የራሱን ተማሪዎች አይፈትንም። ዓለም ባንክ ሰፈር ያለነው ወደ ዘነበወርቅ፣ እዚያ ያሉት ወደ ሌላ ሰፈር እንበተናለን። ዓመቱን ሙሉ ስጠይቃቸው፣ ሳርምላቸው፣ በየሳምንቱ ነጥብ ስሰጣቸው የከረምኳቸው ልጆቼ ለማላውቀው ሰው ይሰጣሉ። አንዷ እጇ መንቀጥቀጡን ከተወላት የማትሠራው ጥያቄ የለም። አንዱ ጥያቄውን ደግሞ ካላነበበው ይሳሳታል። ይህን ሁሉ እኔ አውቃለሁ፤ የሚፈትናቸው ሰው ግን አያውቅም። እኔም በፈንታዬ ከፊቴ ስለሚቀመጡት የሰው ልጆች የማውቀው ነገር የለም። የምጠብቅላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዝምታ። ፈታኝ ማለት አበል የሚከፈለው ዝምታ ነው።

እንግዲህ የዚያን ቀን ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ወጣሁ። እንዳላረፍድ ሰግቼ ነው። ታክሲው ግን ዓለም ባንክ ላይ ሞልቶ እንኳ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ቆመ፣ መንገዱ ተዘጋጋ፣ እኔም ዘነበወርቅ ስደርስ ሆዴ ከረዳቱ በላይ ይጮህ ነበር። ፌርማታው አጠገብ አንዲት ሴት የተቀቀለ ድንች በዳጣ ትሸጣለች።

«እህቴ፣ ዳጣው ያቃጥላል?»

«ኧረ ለልጅም ይሆናል!» አለችኝ።

የማን ልጅ እንደሆነ አልነገረችኝም። ድንቹን ሳላኝክ እየዋጥኩ፣ ዓይኔ እያለቀሰ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥኩ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ኪሴ ተፈተሸ፣ ሞባይሌን አስረከብኩና ፈታኞች ወደተሰበሰቡበት ግቢ ስገባ ሱፐርቫይዘሩ ንግግር ጀምረዋል።

ሱፐርቫይዘሩ አቶ ደስታ ይባላሉ። ስማቸውና ፊታቸው ተዋውቀው አያውቁም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅንድባቸው ሁልጊዜ የተሰበሰበ ሰው ናቸው።

«አንድም ቃል!» አሉ ጣታቸውን አንስተው። «አንድም ምልክት! እኔ በዚህ ሥራ ስኖር ያላየሁት ተንኮል የለም። በሳል መልስ የሚያስተላልፍ ፈታኝ ይዤ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ሲያስል ‘ሀ’፣ ሁለት ጊዜ ሲያስል ‘ለ’! ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ባገኝ ፈታኙን መክሰስ ብቻ አይደለም፣ የክፍሉን ልጆች ሁሉ ወረቀት እንዳይታረም ለብቻ አሽገዋለሁ። ተግባባን?»

ተግባባን። ከጎኔ የቆመች አንዲት ወጣት መምህርት ጉሮሮዋን ልትጠርግ ስትል ተወችው።

የተመደብኩት ከመምህርት ትርንጎ ጋር ነበር። ከሳንሱሲ የመጡ፣ ጡረታ የደረሱ፣ ነጠላቸውን በትከሻቸው ላይ እንደ ዳኛ ካባ የጣሉ ሴት ናቸው። ገና ሲያዩኝ አፍንጫቸውን አሸሹ።

«ነጭ ሽንኩርት በልተህ ነው የመጣኸው?»

«ዳጣ ነው እትዬ ትርንጎ።»

«በፈተና ቀን!» አሉና ፊታቸውን አዞሩብኝ። ወዳጅነታችን እዚያው ላይ ያለቀ መሰለኝ።

የጠዋቱ ፈተና ሒሳብ ነበር። የጥያቄውንና የመልሱን ወረቀት አደልን፣ ደወል ተደወለ፣ ልጆቹ አቀረቀሩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እንዲያ ያለ ጸጥታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አላጋጠመኝም፤ እዚያ ቢያንስ የሚያስነጥስ አለ። ውጭ ዛፉ ላይ ያለችው ወፍ እንኳ አቶ ደስታን የሰማች ይመስል ዝም ብላለች።

በዚህ መሃል፣ ከሆዴ ሥር፣ አንድ ነገር ተነሳ።

«ህቅ!»

ልጆቹ ሁሉ ቀና አሉ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ፤ ከጣሪያው የመጣ ለማስመሰል።

«ህቅ!»

ፊት ወንበር ላይ ያለችው ልጅ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ትከሻዋ ግን ይስቃል። ሳቁ ከወንበር ወደ ወንበር ተዛመተ። እትዬ ትርንጎ አንድ ጊዜ ብቻ ተመለከቷቸው፤ ሳቁ እንደ ሻማ ጠፋ። ከዚያ እኔን ተመለከቱኝ። እኔ ግን አልጠፋ አልኩ።

ትንፋሼን ያዝኩ። ደረቴ እስኪነፋ፣ ጆሮዬ እስኪጮህ ያዝኩ። ስቅታው የታፈነ ሲመስለኝ ለቀቅኩት፤ ተከትሎት ወጣ። ይባስ ብሎ ሁለት ሆኖ። «ህቅ! ህቅ!» ምራቄን ደጋግሜ ዋጥኩ። ወደ ግድግዳው ዞሬ አፌን በክርኔ አፈንኩት። በአፍንጫዬ ወጣ። ቤት ቢሆን ኖሮ ውኃ ጠጥቼ፣ ተጎንብሼ፣ ዘልዬ እገላገለው ነበር። ፈታኝ አይዘልም።

ልጆቹ ቀስ በቀስ ለመዱኝ። ሰው የማይለምደው ነገር የለም፤ የኮንዶሚኒየም ልጅ ደግሞ በጎረቤት መዶሻ ሥር አጥንቶ ያደገ ነው። እኔም ትንሽ መረጋጋት ጀመርኩ። ያኔ ነው በመስኮቱ በኩል የተቀመጠውን ልጅ ያየሁት።

ቀጭን ልጅ ነው። ሹራቡ የታላቅ ወንድሙ ሳይሆን አይቀርም፤ እጅጌው እስከ ጣቱ ወርዷል። ከአንገቱ በላይ ላብ በላብ ሆኗል። የጥያቄ ወረቀቱን አያይም። የሚያየው እኔን ነው።

«ህቅ!» አልኩ።

አቀርቅሮ አንዱን ክብ አጠቆረ።

«ህቅ! ህቅ!»

ልጁ እንደገና አጠቆረ፤ ከፊተኛው ቀጥሎ ያለውን።

በአጠገቡ እንደሚያልፍ ሰው ሆኜ ወረቀቱን ሰረቅ አድርጌ አየሁ። አንድ ጊዜ ያልኩት «ሀ» ሆኗል። ሁለት ጊዜ ያልኩት «ለ» ሆኗል። ሦስቴ ተከታትሎ የመጣብኝ ቦታ «ሐ» ሆኖ ቁጭ ብሏል። ያ ልጅ ከሆዴ የሚወጣውን ሁሉ በታማኝነት እየገለበጠ ነው!

ከስቅታዬ በስተጀርባ ያለችው ዳጣ ሻጭ ለዚህ ልጅ የሒሳብ ፈተና እየሠራችለት እንደሆነ ማን ይንገረው? «ይህ መልስ አይደለም» ብዬ ብናገር ፈታኝ በመልስ ጉዳይ ተናገረ ይባላል። ዝም ብል ልጁ ዓመቱን ሙሉ የተማረውን ትቶ በእኔ ጨጓራ ይወድቃል። ስቅታውን ላቆመው ስታገል ደግሞ እርሳሱን አንስቶ በተስፋ ይጠብቀኛል። በማስተማር ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ልጅ አፌን በጉጉት የጠበቀ ተማሪ አላጋጠመኝም።

ወደ እትዬ ትርንጎ ሄጄ በጆሯቸው አንሾካሾኩ።

«እትዬ፣ በስቅታዬ... ህቅ... ልጁ...»

«ዝም በል፣ ገብቶኛል» አሉኝ።

አልገባቸውም ነበር። ከነጠላቸው ጫፍ ክር መዘዙ፣ በምራቃቸው አራሱትና፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ግንባሬ ላይ ለጠፉልኝ። የአራስ ልጅ ስቅታ እንዲህ ነው የሚያዘው። እኔ ግን ጢም ያለኝ፣ የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ክሩን እንዳልነቅለው ዓይናቸውን ፈራሁ። ክፍሉ እንደገና በታፈነ ሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያ ልጅ ብቻ አልሳቀም። ክሩን ትኩር ብሎ አየውና፣ ጥቂት አስቦ፣ «መ»ን አጠቆረ።

ከዚህ በኋላ መታገሥ አልቻልኩም። የመጣው ይምጣ ብዬ ክፍሉ መሃል ቆምኩና፣

«ልጆች!» አልኩ። «ስቅታዬ መልስ አይደለም!»

በሩ ላይ አቶ ደስታ ቆመዋል።

መቼ እንደመጡ አላውቅም። የሚያውቁት የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ እስቲ ፍረዱ፣ ጥፋት የሌለበት ሰው «ስቅታዬ መልስ አይደለም» ይላል? ከዚያ ዓይናቸው ግንባሬ ላይ ወዳለው ክር ሄደ። ቅንድባቸው ከፀጉራቸው ሊገናኝ ምንም አልቀረውም።

«ይከተሉኝ» አሉኝ።

በእኔ ቦታ ተጠባባቂ ፈታኝ ገባ። እኔ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተወሰድኩ። ቢሮው ባዶ ነበር፤ አቶ ደስታ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀመጡ፣ የግቢው ዘበኛ በሩ ላይ ቆመ።

«በሳል የሚያስተላልፍ ይዣለሁ ብዬ ጠዋት ተናግሬ ነበር» አሉ። «እርስዎ ደግሞ አሻሻሉት። ፈተና እየሰረቁ ነው!»

«እኔ? አቶ ደስታ፣ እኔ እኮ ስቅታ ይዞኝ...»

«ስቅታ ይዞኛል ነው የሚሉት?»

«አዎ፣ ከጠዋት ጀምሮ!»

«ጥሩ። እስቲ ልስማው።»

አፌን ከፈትኩ። ጠበቅኩ። አቶ ደስታም እጃቸውን አጣምረው ጠበቁ።

ስቅታው ጠፋ!

ለካ ሰው ሲደነግጥ ይተወዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እግዜር ይስጥልኝ ባልኩ ነበር። አሁን ግን በዓለም ላይ ያለችኝ አንዲት ምስክር ከድታኝ ሄደች። ምራቄን ዋጥኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ሆዴን ጨበጥኩ። «ህቅ» ብዬም ሞከርኩ።

«ይሄ የአፍ ነው» አሉ አቶ ደስታ።

«አዎ፣ ይሄኛው የአፍ ነው፤ የቅድሙ ግን የሆድ ነበር።»

«ለመሆኑ ምንድን ነው የሚያስተምሩት?»

ጥያቄው ሲመጣ ከሩቅ ታይቶኝ ነበር። ድልድሉን የሠራው ሰው እንዴት እንዳመለጠው አላውቅም።

«ሒሳብ» አልኩ።

አቶ ደስታ እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ክዳኑን ከፈቱ። በዚያች ቅጽበት ብዙ ነገር ታየኝ። ባለቤቴ ጎረቤት ስትጠይቃት የምትመልሰው ታየኝ። ተማሪዎቼ ታዩኝ፤ እነሱም አሁን አንድ ቦታ አቀርቅረው እየሠሩ ነው፤ ፈታኛቸው ጤነኛ እንዲሆን በሆዴ ለመንኩ። ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን የዚያ ክፍል ልጆች ነገር ነው። ያቺ ትከሻዋ ሲስቅ የነበረች ልጅ፣ ያ ሹራቡ የሰፋው ልጅ፣ ሁሉም ወረቀታቸው በእኔ የተነሳ ለብቻ ሊታሸግ ነው። ምን በድለውኝ!

«አቶ ደስታ፣ እኔን የፈለጉትን ያድርጉኝ» አልኩ። «የልጆቹን ወረቀት ግን አይንኩብኝ። ድንች በዳጣ ነው የበላሁት። ፌርማታው ጋ። ባዶ ሆዴን፣ ሳላኝክ። እንዲህ ያደረገኝ እሱ ነው።»

«ድንች» አሉ።

«በዳጣ።»

ዘበኛው ከበሩ ላይ ጣልቃ ገባ። «እውነቱን ሊሆን ይችላል ጌታዬ። የዚያች ሴትዮ ዳጣ ሰው ያስለቅሳል። እኔ ትቼዋለሁ።»

አቶ ደስታ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጥንቁቅ ናቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና ዘበኛውን ላኩት። ድንቹ በፌስታል መጣ። አረንጓዴው ዳጣ ላዩ ላይ ያብረቀርቃል።

«ይብሉ» አሉኝ።

በላሁ። እንደ ጠዋቱ ሳላኝክ ዋጥኩ። እንባዬ ወረደ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ጆሮዬ ጋለ፤ ስቅታው ግን የለም። አንድ ጨመርኩ። ሆዴ እንደ ምድጃ ነደደ እንጂ ድምፅ አላወጣም።

«አየህ?» አሉ አቶ ደስታ ወደ ዘበኛው ዞረው። «ድንች ሰው ያስለቅሳል እንጂ ስቅታ አያመጣም።» ይህን እያሉ ፌስታሉን ወደራሳቸው ሳቡት። እሳቸውም ከንጋት ጀምሮ ከክፍል ክፍል ሲዞሩ እህል አልቀመሱም ኖሯል። አንዱን አነሱና ጎረሱ። የመጨረሻው ደወል ሊደወል ደርሶ ስለነበር ቸኮሉ፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ጋር ደርበው ዋጡት።

ፊታቸው ቀላ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ።

«ህቅ!»

ዘበኛው ወደ ውጭ ወጣ። በመስኮቱ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ ሲስቅ ይታየኝ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ አልደፈርኩም። ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ፣ የሰው ሆድ የሚመሰክርልኝን ምስክርነት በአክብሮት አዳመጥኩ።

«ይሄ... ህቅ! ...አጋጣሚ ነው» አሉ።

«ይሆናል» አልኩ።

«ህቅ! ህቅ!»

ደወሉ ተደወለ። ጥቂት ቆይቶ እትዬ ትርንጎ የታሸገውን የመልስ ወረቀት ይዘው ሊያስረክቡ ገቡ። አሁን ምን ይሉ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ጠዋት በአፍንጫቸው የሸሹኝ ሴት ናቸው። እሳቸው ግን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ አቶ ደስታን አዩ፣ የዳጣውን ፌስታል አዩ፣ ወገባቸውን ያዙ።

«አቶ ደስታ! ምን ሰርቀው በልተው ነው?»

አቶ ደስታ ክው አሉ። «እኔ? እኔ ምን ሰረቅኩ?»

ቀጣዩን «ህቅ» ጠበቅን። ስቅታው ቆሟል።

«እንደዚህ ነው የሚያዘው» አሉ እትዬ ትርንጎ ተረጋግተው። «በእኛ አገር ስቅታ የያዘውን ሰው ‘ሰርቀሃል’ ነው የሚሉት። ንጹሕ ሰው ከሆነ ይደነግጥና ይተወዋል። ለዚህም ልጅ ልለው ነበር፤ ተማሪ ፊት መምህርን ሌባ ማለት ነውር ሆኖብኝ በክር ሞከርኩለት።» ወደ እኔ ዞሩ። «ለመሆኑ የአንተን ማን አስቆመልህ?»

«አቶ ደስታ ናቸው» አልኩ። «ፈተና ሰረቅክ ብለውኝ።»

«እንግዲያው ንጹሕ ነው» አሉ እትዬ ትርንጎ። «ከክፍሉም አልወጣሁም፣ ዓይኔንም ከእሱ አላነሳሁም። እሱ እንኳን መልስ ሊነግር ትንፋሹንም አልቻለው። ልጆቹ ምንም አላጠፉም።»

አቶ ደስታ እኔን አዩኝ። ባዶውን ፌስታል አዩ። እስክሪብቷቸውን ከድነው ኪሳቸው ከተቱና የክፍላችንን ወረቀት ከሌሎቹ ጋር ደባለቁት።

«ከሰዓት ይገባሉ» አሉኝ። «ምሳ ግን ቀለል ያለ ይብሉ።»

እጃቸውን በሁለት እጄ ጨብጬ ወጣሁ። የአንድ ልጅ ነገር ግን ቀርቶኛል። ግቢው በተማሪ ተሞልቷል፤ «አንተ ስንት አመጣህ?»፣ «እሱ እኮ ‘ሐ’ ነው!» ይባባላሉ። እሱን ያገኘሁት ቧንቧው ጋ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ውኃ ይጠጣል። አሁን ወረቀቱ ታሽጓል፤ ብንነጋገር የሚከሰኝ የለም።

«እንዴት ነበር?» አልኩት። አጠያየቄ የሐኪም ቤት አጠያየቅ ሆነብኝ።

አፉን በሹራቡ ጠረገ። «መጀመሪያ ላይ ተሳስቼ ነበር ቲቸር።»

«እንዴት?»

ግራና ቀኝ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እርስዎ የሚሉትን ነበር የማጠቁረው። ፈርቼ ነው። ወረቀቱን ሳየው ሁሉም ነገር ጠፋብኝ። ከዚያ የክፍልፋዩ ጥያቄ መጣ፤ እሱን ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ቲቸራችን ደጋግማ አሠርታናለች። መልሱ ‘ሐ’ ነው። እርስዎ ‘ሀ’ አሉ።»

«እና?»

«እና ሌሎቹንም እየሠራሁ አየኋቸው። አንዱም ልክ አይደለም። እርስዎን ሲወስዱዎት በላጲስ ሁሉንም አጠፋሁና እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። ሰዓቱ ሳያልቅ ጨረስኩ። ሁለት ብቻ ነው የገመትኩት።»

እዚያው ቧንቧው ላይ ልስመው ምንም አልቀረኝም። እፎይታዬ ፊቴ ላይ ሳይታወቅብኝ አልቀረም፤ ልጁ ግን በሌላ ተረጎመው። እንደ ታላቅ ሰው ክንዴን ነካ አደረገኝ።

«አይዞዎት ቲቸር፤ ሒሳብ ለሁሉም ሰው ይከብዳል» አለኝ። «እርስዎ ግን ምንድን ነው የሚያስተምሩት?»

ወደ ሰማይ አየሁ። ወደ ቧንቧው አየሁ።

«አማርኛ» አልኩት።

«እሱ ይሻልዎታል» አለኝና ወደ ጓደኞቹ ሮጠ።